ቢጫ ነው ወይስ አረንጓዴ? ልብስን ከፊልም ላይ ስለ መቅዳት

በዚህ እትማችን ስለ ልብስ እናወራለን፤ ስለ ገበያው ልብስ ሳይሆን ስለ ፊልም ልብስ። «የፊልም ልብስ ደግሞ ከትምህርት ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። እስቲ ትንሽ ታገሱን።

በልብስ ስፌት የሠለጠነ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚገጥመው ደንበኛ አለ። ስልኩን ከኪሱ ያወጣና ፎቶ ያሳያል፤ «እህቴ፣ ልክ እንደዚህ አድርገሽ ስፊልኝ» ይላል። ፎቶው ትንሽ ነው። የተነሣው ማታ፣ በመብራት ነው። ልብሱ ከፊት እንጂ ከኋላ አይታይም። ጨርቁ ምን እንደሆነ፣ ቀለሙ የቱ እንደሆነ፣ ዚፑ በየት በኩል እንደገባ የሚናገር የለም። ሰፊዋ ገምታ ጨርቅ ትገዛለች፤ ትቆርጣለች። ከዚያ በኋላ ደንበኛው «ይሄ አይደለም እኮ ያልኩሽ!» ካለ የጨርቁ ዋጋም የሁለት ቀን ድካሟም ከንቱ ቀረ ማለት ነው።

ይህንኑ ችግር፣ ማለትም ከምስል ላይ ልብስ መቅዳትን፣ ለዓመታት እያጠኑ ብዙ ዘዴ ያወጡለት ሰዎች አሉ። ስታር ትሬክ የሚባለው የቴሌቪዥን ድራማ አፍቃሪዎች ናቸው። ገጸ ባሕርያቱ የለበሱትን ልብስ አስመስለው ይሰፉና ይለብሱታል፤ ከዚያም አንዱ የሌላውን ሥራ ስፌት በስፌት እየመረመረ «ይሄ ጥብጣብ ልክ አይደለም፣ አንገቱ በዝቷል» እያለ ይከራከራል። ከሩቅ ለሚያየው የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስላል። እውነቱን ለመናገር ለእኛም አንዳንዱ ክርክራቸው የበዛ ይመስለናል። ዘዴያቸው ግን ለስፌት ክፍል ብቻ ሳይሆን ለፊዚክስና ለሒሳብ ክፍልም የሚሆን ነው።

ስለ ድራማው ጥቂት

ስታር ትሬክ አሜሪካ ውስጥ የተሠራ የሳይንስ ልብ ወለድ ድራማ ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጂን ሮደንቤሪ የፈጠረው ሲሆን በ1966 ኤንቢሲ በተባለው ጣቢያ መታየት ጀመረ። የመጀመሪያው ተከታታይ ሦስት ዓመት ብቻ ቆይቶ፣ 79 ክፍሎች ከታዩ በኋላ በ1969 ቆመ። ከዚያ በኋላ ግን በሌሎች ስሞችና በሌሎች ተዋንያን እየተተካካ እስካሁን ድረስ ዘልቋል፤ ሁሉም ሲደመር ከ800 ክፍሎች በላይ ሆኗል። ታሪኩ ኢንተርፕራይዝ የተባለች የጠፈር መርከብ ከኮከብ ወደ ኮከብ ስትጓዝ ሠራተኞቿ የሚገጥማቸው ነገር ነው።

የመርከቧ ሠራተኞች ሁሉ ዩኒፎርም ይለብሳሉ። የመጀመሪያውን ዩኒፎርም የነደፈው ዊልያም ዌር ታይስ ነው። ሦስት ቀለም አለው፤ የአዛዦች፣ የሳይንስ ባለሙያዎችና ሐኪሞች (ሰማያዊ)፣ እንዲሁም የሞተር፣ የመገናኛና የጥበቃ ሠራተኞች (ቀይ)። የአዛዦቹን ቀለም ሆን ብለን ዘለነዋል፤ ኋላ እንመጣበታለን። ቀለሞቹ እንዲህ የደመቁት ያለ ምክንያት አይደለም። ያን ጊዜ የኤንቢሲ ባለቤት አርሲኤ የተባለው ኩባንያ ነበር፤ አርሲኤ ደግሞ ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ይሸጥ ነበር። ቀለሙ የሚያምር ድራማ ሲታይ ሰው ባለ ቀለም ቴሌቪዥን መግዛት ያምረዋል። ነገር ሁሉ ወደ ገበያ መሄዱ አይቀርም!

(ቀይ ለባሾቹን በተመለከተ አንድ የታወቀ ቀልድ አለ። ካፒቴኑን ተከትሎ ወደማይታወቅ ምድር የሚወርድ፣ ስሙ ያልተጠራ ቀይ ለባሽ ካለ ክፍሉ ሳያልቅ መሞቱ ነው ይባላል።)

ካሜራው ያየው ቀለም

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንምጣ። የመርከቧ አዛዥ ካፒቴን ከርክ የሚለብሰው ሸሚዝ ምን ቀለም ነው? ድራማውን ያየ ሰው ሁሉ ሳያመነታ «ቢጫ ነው፣ ወርቃማ» ይላል። ሸሚዙ በእጅ ሲያዝ ግን አረንጓዴ ነበር። ወደ ቢጫ ያደላ አረንጓዴ፤ አቮካዶ ሲቆረጥ ከልጣጩ ሥር የሚታየውን ቀለም አስቡት። ይህንን የተናገረው ልብሱን የነደፈው ታይስ ራሱ ነው። ሸሚዙ በርግጥ አረንጓዴ እንደነበረና ፊልሙ ላይ ግን ሌላ ሆኖ እንደወጣ አስረድቷል።

እንዴት ሊሆን ቻለ? ጨርቅ ቀለሙን ብቻውን ይዞ አይዞርም። ቀለም የሚታየው ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ነው፤ ብርሃኑ፣ ጨርቁ እና የሚያየው። የሚያየው ዓይን ሊሆን ይችላል፣ ካሜራም ሊሆን ይችላል። ከሦስቱ አንዱ ሲለወጥ ቀለሙም ይለወጣል። ይህን እናቶቻችን ፊዚክስ ሳይማሩ ያውቁታል። ነጋዴው ሱቁ ውስጥ ጨርቁን ዘርግቶ ሲያሞግስ «እስቲ ወደ ውጭ አውጣው፣ በፀሐይ ልየው» የሚሉት ለዚህ እኮ ነው። ማታ በኩራዝ ብርሃን ጥቁር ክር ነው ብሎ ሱሪ የጠቀመ ሰውም ጠዋት ሲያየው ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ያገኘዋል።

በዚያን ዘመን ድራማው የተቀረጸው በባለ ቀለም ፊልም ነው። ፊልሙ ላይ ተደራርበው የተቀቡ ስስ ሽፋኖች አሉ፤ አንዱ ለሰማያዊ፣ አንዱ ለአረንጓዴ፣ አንዱ ለቀይ ብርሃን ምላሽ ይሰጣል። ዓይናችንም በሦስት ዓይነት ሕዋሳት ቀለም ይለያል፤ ነገር ግን የፊልሙ ሽፋንና የዓይናችን ሕዋስ እኩል አይሰሙም። አንድ ጨርቅ አረንጓዴ ብርሃንና ጥቂት ቀይ ብርሃን አንድ ላይ ቢመልስ፣ ፊልሙ ደግሞ ቀዩን ከዓይናችን አብዝቶ ቢመዘግበው፣ ምስሉ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ምክንያቱም አረንጓዴና ቀይ ብርሃን ሲደመሩ የሚሰጡት ቢጫ ነው። መምህራን እዚህ ላይ ተማሪዎቻችሁን አስጠንቅቁ፤ ይህ ስለ ብርሃን ነው እንጂ ስለ ቀለም ቅብ አይደለም። አረንጓዴ ቀለምና ቀይ ቀለም በብሩሽ ቢደባለቁ ቡናማ ነገር ነው የሚወጣው። በዚያ ላይ የስቱዲዮው ኃይለኛ መብራት አለ፤ ከጨርቁ ላይ ያለው ጸጉርም ብርሃኑን በራሱ መንገድ ይመልሳል።

ታዲያ ልብሱን በእጁ ያልያዘ ሰው ይህን እንዴት ሊጠረጥር ይችላል? ማስረጃው እዚያው ድራማው ውስጥ ነበር። ካፒቴን ከርክ አልፎ አልፎ ሌላ ዓይነት፣ ፊቱ የሚደራረብ ሸሚዝ ይለብሳል፤ ለክብር ቀንም የተለየ ልብስ አለው። ሁለቱም የአዛዥ ቀለም መሆን የሚገባቸው ናቸው። ጨርቃቸው ግን ሌላ ዓይነት ነው። በፊልሙ ላይ የሚታዩት ደግሞ አረንጓዴ ሆነው ነው! ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ካፒቴኑ ሌላ ቀለምም ይለብሳል» ብሎ አለፈው። አንድ ዩኒፎርም ለምን ሁለት ቀለም ይኖረዋል ብሎ የጠየቀ ሰው ግን ወደ እውነቱ ተጠጋ።

ልብስ ቀጂዎቹ ከዚህ ተነሥተው አንድ ልማድ አላቸው። የልብሱን ቀለም ከመፍረዳቸው በፊት እዚያው ምስል ውስጥ ቀለሙን አስቀድመው የሚያውቁትን ነገር ይፈልጋሉ፤ ነጭ ወረቀት፣ የሸሚዙ ጥቁር አንገት፣ የዓይን ነጩ ክፍል። ነጭ መሆን ያለበት ነገር ቢጫ መስሎ ከታየ ምስሉ በሙሉ ወደ ቢጫ አድልቷል ማለት ነው፤ ልብሱም እንደዚያው። የፊት ቆዳን ግን አያምኑትም፤ ተዋናይ ሁሉ ተቀብቶ ነውና።

ይህን በክፍል መሞከር ቀላል ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ከአንድ ብጫቂ ጨርቅ አምስት ትንንሽ ቁራጭ አውጡና አንዱን በፀሐይ፣ አንዱን ከዛፍ ጥላ ሥር፣ አንዱን ሰማያዊ ሸራ ከተወጠረበት ቤት ውስጥ፣ አንዱን በሶላር መብራት አድርጋችሁ ለአራት ቡድን አሳዩ። ቡድኖቹ ሳይነጋገሩ ያዩትን ቀለም በወረቀት ይጻፉ። አምስተኛውን በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ለሌላ ቡድን ፎቶውን ብቻ ስጡት። ከዚያ መልሶቹን አንድ ላይ አንብቡ። በተለይ ወይን ጠጅ፣ ጥቁር ሰማያዊና አረንጓዴ ጨርቅ ጥሩ ጭቅጭቅ ያስነሣል።

ጨርቁ ታጥቦ ሲወጣ

የመጀመሪያዎቹ ሸሚዞች ጨርቅ ቬሉር ይባላል። ከፋይ የሚመስል፣ ላዩ ጸጉር ያለው፣ በብርሃን የሚያብረቀርቅ ጨርቅ ነው። ለዓይን ያምራል። ችግሩ በታጠበ ቁጥር እየተሰበሰበ መምጣቱ ነበር። ተዋናይ በመብራት ሥር ሲውል ያልበዋል፣ ልብሱ ላውንደሪ ይሄዳል፣ ተመልሶ ሲመጣ አጥሯል። በሦስተኛው ዓመት አዘጋጆቹ ጨርቁን ትተው የማይሰበሰብ፣ በሹራብ መልክ የተሠራ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ተጠቀሙ። ስለዚህ «የካፒቴን ከርክን ሸሚዝ እሰፋለሁ» የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «የየትኛው ዓመት?» ተብሎ ነው። የአንደኛው ዓመትና የሦስተኛው ዓመት ሸሚዝ በአንድ ቀለም ቢታዩም ጨርቃቸውም በሰውነት ላይ አወዳደቃቸውም ለየቅል ነው።

ስለ መሰብሰብ ካነሣን ሰፊ ሁሉ ማወቅ ያለበት ሒሳብ አለ። ጨርቁን ከመቁረጣችሁ በፊት 20 ሴንቲ ሜትር በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ እጠቡና አድርቁ፤ ተኩሱና ለኩ። 19 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 5 በመቶ ተሰብስቧል። እንግዲህ ታጥቦ 76 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን የምትፈልጉትን ሸሚዝ ስንት አድርጋችሁ ትቆርጣላችሁ? ብዙ ተማሪ የ76ን 5 በመቶ (3.8) ይደምርና 79.8 ይላል። ትክክለኛው መንገድ ግን 76ን ለ0.95 ማካፈል ነው፤ 80 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። እዚህ ላይ ልዩነቱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ማንም አያየውም። ጨርቁ 20 በመቶ የሚሰበሰብ ቢሆንስ? በመደመር 91.2 ይመጣል፤ በማካፈል 95። በ91.2 የተቆረጠው ታጥቦ 73 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ሦስት ሴንቲ ሜትር አጠረ ማለት ነው። ሸማኔ ያለበት ቤት ያደገ ደግሞ ሌላም ያውቃል፤ ጨርቅ በድሩና በማጉ እኩል አይሰበሰብም። ስለዚህ ሁለቱንም አቅጣጫ ለኩ።

ጨርቅ መልሶ ስለ መጠቀምም ከዚሁ ድራማ አንድ ታሪክ እናንሣ። በ1979 ታሪኩ በሲኒማ ሲወጣ ሮበርት ፍሌቸር የተባለ ባለሙያ ደብዘዝ ያሉ ልብሶች አዘጋጀ፤ ብዙ ሰው አልወደዳቸውም። በ1982 ሁለተኛው ፊልም ሲሠራ ፍሌቸር ከአሮጌዎቹ ልብሶች ላይ የማቅለም ሙከራ አደረገ። ጨርቁ በደንብ የተቀበለው ሦስት ቀለም ብቻ ነበር፤ ሰማያዊ ያዘለ ግራጫ፣ ወርቃማና ጥቁር ቀይ። ከመርከቧ ግራጫ ግድግዳ ጎልቶ የሚታየው ቀዩ ስለሆነ ቀዩ ተመረጠ። ዛሬ በአፍቃሪዎቹ ዘንድ በጣም ከሚወደዱት ልብሶች አንዱ ያ ቀይ ጃኬት ነው። ቀለሙን መጀመሪያ የመረጠው ሰው ሳይሆን ጨርቁ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሜትር የሌለው ልኬት

ፎቶ ላይ ሜትር መዘርጋት አይቻልም። ቀጂዎቹ ያላቸው ንጽጽር ነው። ወደ ደንበኛችን ፎቶ እንመለስ። በፎቶው ላይ ያለው ቁልፍ በእውነቱ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ የተለመደ የሸሚዝ ቁልፍ ነው እንበል። ፎቶው ላይ ስትለኩት 2 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ኪሱ ደግሞ 24 ሚሊ ሜትር። ኪሱ የቁልፉን 12 እጥፍ ስለሆነ እውነተኛ ስፋቱ 12 ሲባዛ 11፣ ማለትም 13.2 ሴንቲ ሜትር ነው።

ሒሳቡ ልክ ነው፣ ግን አትመኑት! በማስመሪያ 2 ሚሊ ሜትር ስትለኩ ግማሽ ሚሊ ሜትር መሳት ቀላል ነው። ቁልፉ 2.5 ቢሆን ኪሱ 10.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ያርፋል። በግማሽ ሚሊ ሜትር ስሕተት ኪሱ ከሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል በላይ ጠበበ። ስለዚህ መለኪያ አድርጋችሁ የምትይዙት ነገር በተቻለ መጠን ትልቅ ይሁን፤ በር፣ ወንበር፣ ወይም የሰውየው ቁመት። ደግሞም መለኪያው ከልብሱ ጋር ከካሜራው እኩል ርቀት ላይ መሆን አለበት። ወደ ካሜራ የተዘረጋ እጅ ይተልቃል፣ ወደ ኋላ የዞረ ትከሻ ይጠባል። ቀጂዎቹ አንድን ነገር ከሦስት ከአራት ምስል ላይ ለክተው ውጤቱ ካልተቀራረበ አይቆርጡም።

ከመለካት ደግሞ መቁጠር ይቀላል። የስታር ትሬክ ዩኒፎርም እጅጌ ጫፍ ላይ ማዕረግን የሚያሳይ ወርቃማ ጥብጣብ አለ። ሻለቃው ስፖክ ሁለት ሙሉ ጥብጣብ አለው፤ ካፒቴኑ ሁለት ሙሉ ሆኖ በመካከላቸው አንድ የተቆራረጠ አለው፤ ሌተናንቷ ኡሁራ አንድ ብቻ። ይህ በደበዘዘ ምስልም ይቆጠራል።

ደረት ላይ ያለው ዓርማ ግን ብዙ ሰው አሳስቷል። የኢንተርፕራይዝ ሰዎች የቀስት ጫፍ የሚመስል ዓርማ አላቸው። በአንዳንድ ክፍሎች ላይ የሌላ መርከብ አዛዥ ሌላ ዓርማ አድርጎ ይታያል። ከዚህ ተነሥቶ «እያንዳንዱ መርከብ የራሱ ዓርማ አለው» የሚለው እምነት ለብዙ ዓመታት ጸና፤ ተጻፈ፣ ተሰፋ፣ ተለበሰ። በኋላ በታኅሣሥ (ዲሴምበር) 1967 ከአዘጋጆቹ አንዱ የሆነው ሮበርት ጀስትማን ለታይስ የጻፈው የሥራ ማስታወሻ ለሕዝብ ይፋ ሆነ። ማስታወሻው የጠፈር መርከብ ሠራተኛ ሁሉ ያንኑ አንድ ዓርማ ማድረግ እንዳለበት ያሳስባል። ሌላው ዓርማ በስሕተት የወጣ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ያን ሌላ አዛዥ አስመስሎ የሚለብስ ሰው የቱን ዓርማ ይስፋ? እኛ ብንሆን በምስሉ የሚታየውን ነበር የምንሰፋው። ስሕተትም ቢሆን በዚያ ቀን ደረቱ ላይ የነበረው እሱ ነውና።

ዋናው የቱ ነው?

«ዋናውን አግኝቶ ማየት ነው እንጂ ይሄ ሁሉ ድካም ለምን?» ትሉ ይሆናል። ዋናው ግን አንድ አይደለም። ለአንድ ተዋናይ ብዙ ሸሚዝ ይሰፋል፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይለበሳል። የካፒቴን ከርክ ሸሚዝ ደግሞ በየድብድቡ ይቀደዳል። በጥቅምት (ኦክቶበር) 2006 ክሪስቲስ የተባለው የጨረታ ድርጅት ኒው ዮርክ ላይ ለሦስት ቀን የስታር ትሬክ ዕቃዎችን ሲሸጥ ፎቶ ያለበት ካታሎግም ታትሞ ነበር፤ ለቀጂዎቹ ትልቅ ሲሳይ ሆነላቸው። ሙዚየም የገቡም አሉ። ከእነሱ አንዱ ኒሼል ኒኮልስ ኡሁራን ሆና ስትሠራ የለበሰችው ቀይ ልብስ ነው፤ ዋሽንግተን በሚገኘው የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ኡሁራ የሚለው ስም የመጣው ኡሁሩ ከሚለው የስዋሂሊ ቃል ነው፤ ነጻነት ማለት ነው። በ1966 አንዲት ጥቁር ሴት በአሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ የመኮንን ዩኒፎርም ለብሳ፣ ማዕረጓ እጅጌዋ ላይ ተሰፍቶ፣ ከሌሎቹ እኩል ሥራዋን ስትሠራ መታየቷ ቀላል ነገር አልነበረም። ኒኮልስ ሥራውን ልትተው ስትል እንዳትተው የለመናት ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ እንደነበረ ራሷ ተናግራለች። ኡሁራን እያየች ካደጉት ልጆች አንዷ ሜይ ጀሚሰን ትባላለች። ሕክምና ስትማር ታይላንድ በሚገኝ የካምቦዲያ ስደተኞች ካምፕ ሠርታለች፤ በ1992 ደግሞ ወደ ጠፈር የወጣች የመጀመሪያዋ አፍሪካ አሜሪካዊት ሴት ሆነች። በ1993 በስታር ትሬክ አንድ ክፍል ላይ አጭር ቦታ ተሰጥቷት ዩኒፎርሙን ለብሳ ታይታለች። እውነተኛ ጠፈርተኛ በስታር ትሬክ ላይ ስትታይ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ዕቃውን ነው ወይስ ምስሉን?

አሁን ሰፊዋን ወደ ጠበቃት ጥያቄ እንመለስ። የካፒቴኑን ሸሚዝ የሚሰፋ ሰው አረንጓዴ ጨርቅ ይግዛ ወይስ ቢጫ? ቀጂዎቹ በዚህ ለሁለት ተከፍለዋል። አንዱ ወገን «እውነተኛው ልብስ አረንጓዴ ነበር፤ አለቀ» ይላል። ሌላው ወገን «ሰው የሚያውቀው ቢጫውን ነው፤ አረንጓዴ ብለብስ ማን ያውቀኛል?» ይላል።

ባለሙያዎችም ተመሳሳይ ነገር ገጥሟቸዋል። በ1996፣ ድራማው 30 ዓመት ሲሞላው፣ ዲፕ ስፔስ ናይን የተባለው ተከታታይ አንድ ልዩ ክፍል አዘጋጀ። አዳዲሶቹ ተዋንያን በኮምፒውተር ጥበብ በ1967 የተቀረጸ አሮጌ ክፍል ውስጥ እንዲገቡ ተደረገ። አሮጌዎቹ ዩኒፎርሞች እንደገና ተሰፉ፤ ከከርክና ከስፖክ አጠገብ ሲቆሙ ልዩነት መታየት የለበትምና። እዚያ ላይ መመሳሰል ያለበት በእጅ የሚያዘው ጨርቅ ሳይሆን ምስሉ ነው። በኋላም በ2009 በወጣው ፊልምና በ2022 በጀመረው ተከታታይ የአዛዦቹ ልብስ ቢጫ ሆኖ ነው የተሠራው። ካሜራው የሠራው ቢጫ በመጨረሻ እውነተኛ ቢጫ ሆነ እኮ!

ሁለቱም ወገን ልክ ነው፤ የሚቀዱት ነገር ስለሚለያይ ነው። ለደንበኛዋ የምትሰፋ እህታችን ግን ራሷ መወሰን የለባትም፤ መጠየቅ ነው። «ይህን ልብስ በዓይንህ አይተኸዋል ወይስ በፎቶ ብቻ?» «የምትለብሰው ቀን ነው ማታ?» «ቀለሙ እንደዚህ ፎቶ ይሁን ወይስ እንደ ልብሱ?» ከዚያ ሁለት ሦስት ቁራጭ ጨርቅ ወደ ደጅ አውጥታ በፀሐይ ታሳየው፤ የመረጠውን ቁራጭ ከልኬቱ ጋር ደብተሯ ላይ በስፒል ታያይዘው። መቀሱ ከዚህ በኋላ ይምጣ።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ልብስ ታይቶ ብቻ አያልቅም፣ ይለበሳል። በ1987 አዲስ ተከታታይ ሲጀመር ያው ታይስ ከላይ እስከ ታች አንድ የሆነ፣ ከሚለጠጥ ስፓንዴክስ የተሠራ ቱታ አዘጋጀ። መጨማደድ እንዳይታይ ተብሎ ከተዋንያኑ ልክ ጠበብ ተደርጎ ተሰፋ። ሲታይ እንደተወጠረ ከበሮ ነው። ተዋንያኑ ግን ቀኑን ሙሉ ትከሻቸውን እየሳበ ጀርባቸውን ያማቸው ጀመር፤ ካፒቴን ፒካርድን ሆኖ የሚሠራው ፓትሪክ ስቱዋርትም ልብሱ እንደሚጎዳው ከሐኪሙ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። በሦስተኛው ዓመት ሮበርት ብላክማን የተባለው ባለሙያ ከሱፍ ጋባርዲን ጃኬትና ሱሪ ለየብቻ ሰፋላቸው። ጀርባው ዳነ፣ ጃኬቱ ግን ሰውየው ተቀምጦ ሲነሣ ወደ ላይ የሚሰበሰብ ሆነ። ስለዚህ ፒካርድ ከወንበሩ በተነሣ ቁጥር ጃኬቱን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ታች ሳብ ያደርገዋል። አፍቃሪዎቹ ለዚህች እንቅስቃሴ ስም ሳይቀር አውጥተውላታል፤ ጃኬቱን በትክክል የሰፋ ሰው ደግሞ ሳይወድ በግዱ ሲስበው ይታያል።